ብሮንዚኗ በ14 ወር የተበላባት ኮሮላ

አንድ አንባቢ የላኩት ጥያቄ ረዘም ያለ ነው። አሳጥሬው እንዲህ ይላል፦

«በፈረንጆች 1998 የተሠራች ባለ 1.6 ሊትር ማንዋል ኮሮላ አለችኝ። ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ ነው። ከ14 ወር በፊት ሞተሩ ወርዶ ታድሷል፣ ብሮንዚንም አዲስ ገብቷል። አሁን ቆሜ ፍሪሲዮን ስረግጥ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ከታች በኩልም የመፋተግ ነገር ይሰማኛል። መካኒኬ "ብሮንዚን ተበልቷል፣ ሞተሩ ይውረድ" አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው "ፍሪሲዮን ረግጠህ ስለምታስነሳ ነው" አለ። ጎረቤቴ ደግሞ "ቀጭን ዘይት ነው የጨረሰህ፣ ወፍራሙን 20-50 አድርግበት" ይለኛል። ቤቴ ሽሮ ሜዳ፣ ሥራዬ ሜክሲኮ ነው። ጠዋትና ማታ ትራፊክ ውስጥ ነኝ። ማን ነው ልክ? ወይስ ሸጬ አውቶማቲክ ልግዛ?»

መካኒክዎም ጎረቤትዎም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ችግሩ በግማሽ እውነት ሙሉ ገንዘብ ሊያስወጡዎት መሆኑ ነው።

ብሮንዚን የሚሽከረከሩ የሞተር ክፍሎች የሚያርፉበት ስስ የብረት ልባስ ነው። «ብሮንዚን ተበላ» የሚለው ቃል ግን ብቻውን ምንም አይነግረኝም። የትኛው ብሮንዚን? በእርስዎ ሞተር ውስጥ ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው ክራንክ ሻፍቱ (የፒስቶኖቹን ምት ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ዋናው ዘንግ) በብሎኩ ላይ ተቀምጦ የሚሽከረከርበት ነው፤ አምስት ቦታ ላይ አለ። ሁለተኛው ቢየላዎቹ (ፒስቶኖቹን ከክራንኩ የሚያገናኙት ክንዶች) ክራንኩን የሚይዙበት ነው፤ ለአራቱም ፒስቶን አራት። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከመሃለኛው ከሦስተኛው መቀመጫ ግራና ቀኝ የሚገባ፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ስስ ቁራጭ ነው። ሥራው ክራንኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት መያዝ ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ጨረቃው» እያልኩ ልቀጥል።

እነዚህ ሦስቱ የሚሞቱበት ምክንያት የተለያየ ነው። የፍሪሲዮን እግርዎ የሚጎዳው ጨረቃውን ብቻ ነው። የቢየላው ብሮንዚን ተበልቶ ከሆነ ፍሪሲዮንን መውቀስ የጎረቤትን ውሻ ለሌባ ጥፋት እንደመምታት ነው። የነገሩኝ ምልክት ግን ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ጥርጣሬዬ መጀመሪያ የሚያርፈው ጨረቃው ላይ ነው።

ብሮንዚን እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልበል፣ አለዚያ ቀሪው አይገባም። ክራንኩ ብሮንዚኑን መንካት የለበትም። በመካከላቸው ዘይት አለ። ክራንኩ ሲሽከረከር ዘይቱን እየጎተተ ከሥሩ ያስገባዋል፣ እንደ ሽብልቅ። በዚያ ላይ ተንሳፎ ይሄዳል። ለዘይቱ የተተወለት ክፍተት በእርስዎ ሞተር የቢየላ ብሮንዚን ላይ ከ0.02 እስከ 0.051 ሚሊ ሜትር ነው። የራስ ፀጉር ከዚህ ይወፍራል። ዘይቱ እስካለ፣ ንጹሕ እስከሆነና ክራንኩ በቂ ፍጥነት እስካለው ድረስ ብሮንዚን ሞተሩን ሙሉ ዕድሜውን ያገለግላል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ብረት ብረትን ይነካል።

ጨረቃው ግን ዕድለ ቢስ ነው። ጠፍጣፋ ስለሆነ ዘይቱን እንደ ሽብልቅ ማስገባት ይቸግረዋል። የሚደርሰውም ከዋናው ብሮንዚን ጎን የሚፈስ ትርፍ ዘይት ነው። ስፋቱም ትንሽ ነው። እርስዎ ፍሪሲዮን ሲረግጡ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ የፕሬሱን (የፍሪሲዮኑን ሸራ ተጭኖ የሚይዘውን ክፍል) ምላስ ይገፋል። ያ ግፊት በትንሽ መኪና እንኳ መቶ ኪሎና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ፕሬሱ ከቮላኖው (በክራንኩ ጫፍ ካለው ከባድ ክብ ብረት) ጋር ታስሯል፣ ቮላኖው ከክራንኩ ጋር። ስለዚህ የእግርዎ ጉልበት ክራንኩን ከካምቢዮው ወደ ማዶ፣ በሌላው ጫፍ ቀበቶ ወደሚያዞረው ፑሌጃ አቅጣጫ ይገፋዋል። ያንን ሁሉ የሚሸከመው በቮላኖ በኩል ያለው ጨረቃ ነው።

አሁን ወደ መካኒክዎ ክስ። ፍሪሲዮን ረግጦ ማስነሳት ጨረቃውን ይነካዋል? አዎ፣ ይነካዋል። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሞተር ላይ ዘይቱ ወደ ገንዳው ወርዷል። ሞተሪኖው ክራንኩን ሲያዞረው የዘይት ግፊት ገና አልመጣም። በዚያች አንድ ሁለት ሰከንድ መቶ ኪሎ መጫን ጥሩ አይደለም። ነገር ግን በቀን ሦስት አራት ጊዜ የሚሆን የሁለት ሰከንድ ነገር፣ ደህና ተደርጎ የተገጠመ ጨረቃን በ14 ወር አይጨርስም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ረግጠው የሚያስነሱ ሰዎች አሉ፣ ብሮንዚናቸውም ደህና ነው። እንዲያውም አንዳንድ መኪና ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ጨርሶ አይነሳም። ማርሽ ውስጥ እያለ ተነስቶ ሰው እንዳይገጭ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የእናንተ ሰፈር ኤሌክትሪሺያን ይህን የሚያደርገውን የፍሪሲዮን ማብሪያ ልበጥስልህ ካለዎት እምቢ ይበሉት።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። መኪናዋ የምትፈቅድ ከሆነ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ ያድርጉ፣ በእጅዎ ግራ ቀኝ አወዛውዘው ዜሮ መሆኑን ያረጋግጡ፣ እግርዎን ከፍሪሲዮን አንስተው ያስነሱ። ማርሽ ውስጥ አስገብተው የማቆም ልማድ ካለዎት ግን፣ በተለይ ሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ላይ፣ ከመርሳት ረግጦ ማስነሳት ይሻላል። ጨረቃ ይተካል። ከመኪናው ፊት የቆመ ልጅ አይተካም።

ዋናው ተጠርጣሪ ሌላ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሜክሲኮ ደርሰው ሲመለሱ በቀን ስንት ደቂቃ ቆመው ያሳልፋሉ? አርባ ደቂቃ እንበል። ያን ጊዜ ሁሉ አንደኛ ማርሽ አስገብተው፣ ፍሪሲዮን ረግጠው፣ «አሁን ይከፈታል» እያሉ ከጠበቁ፣ ጨረቃው 2,400 ሰከንድ መቶ ኪሎ ተሸክሟል። ዘይቱ ሞቆ ቀጥኗል። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ ነው። የዘይት ግፊቱም በዚያ ሰዓት ዝቅተኛው ላይ ነው፤ የቶዮታ መስፈርት ለዚህ ሞተር በቆመበት ዙር የሚጠይቀው በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.3 ኪሎ ብቻ ሲሆን፣ በ3,000 ዙር ግን ከ2.5 እስከ 5 ኪሎ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ እየነዱ እግርን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ መሄድ ነው። ቀላል ጫና ይመስላል፤ ግን አያቋርጥም። የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታም አብሮ ይጨርሳል፣ ሸራውንም ያቃጥላል።

ከዚህ ሌላ ከአሽከርካሪው ውጪ የሆኑ ምክንያቶች አሉ። መካኒክዎ ስለ እነዚህ አልነገረዎትም፤ ገሚሶቹ ወደ ራሱ ስለሚጠቁሙ ሊሆን ይችላል። የፔዳሉ ነጻ ጨዋታ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በጣት ጫን ሲሉት ያለ ኃይል የሚሄደው ያ የመጀመሪያው ርቀት ማለት ነው። እሱ ከሌለ እግርዎን ባያሳርፉም ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በትንሹ እንደተረገጠ ነው። ሞተሩ ሲታደስ የተገዛው ፕሬስ ለዚህ መኪና የተሠራ ካልሆነና ፔዳሉ ከድሮው ከከበደዎት፣ ጨረቃውም የሚሸከመው በዚያው ልክ ከብዷል ማለት ነው። የባትሪው ኔጋቲቭ ከሞተሩ የሚገናኝበት ገመድ ከላላ ወይም ከዛገ ደግሞ የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አንዳንዴ በክራንኩ በኩል ያልፍና ጨረቃውን በጥቃቅን ብልጭታ ይፍቀዋል። ይህን ስናገር የማያምኑኝ መካኒኮች አሉ፤ ገመዱን መፈተሽ ግን አምስት ደቂቃ ነው።

እና አገጣጠሙ። ጨረቃው በአንድ ፊቱ ላይ የዘይት ቦይ አለው። ቦዩ ወደ ውጭ፣ ወደ ክራንኩ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከገባ ልሙጡ የብረት ጀርባው ነው የሚፋተገው። እኔ ራሴ ገና ተማሪ ሳለሁ አንዱን ገልብጬ አስገብቻለሁ። አለቃዬ ክዳኑን ከማጥበቁ በፊት ስላየው ነው የተረፍኩት፣ እሱም ከኩርኩም ጋር። የእርስዎ ተገልብጦ ቢሆን 14 ወር የሚቆይ አይመስለኝም፤ በሳምንታት ውስጥ ይታወቅ ነበር። ይልቅ የምጠረጥረው ክራንኩ ቶርኖ ቤት ሲሞረድ ጨረቃው የሚነካው ጎኑ ሻካራ ሆኖ መቅረቱን፣ ወይም ሲገጠም ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድበት ልክ ጭራሽ አለመለካቱን ነው። ልኩ ከ0.02 እስከ 0.22 ሚሊ ሜትር ነው። 0.30 ካለፈ መቀየር አለበት። በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በሚለካ ባለ ሰዓት መሣሪያ) የሚለካ ነገር ነው፤ በእጅ ነቅንቆ «ደህና ነው» የሚባል አይደለም።

አሁን ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ይህን በነጻ ያድርጉ። ሞተሩን ያጥፉ። ቁልፉን ይንቀሉ። አንድ ሰው ፍሪሲዮኑን እየረገጠ ይልቀቅ፤ እርስዎ በጎማው ሥር ወይም ከላይ በባትሪ ብርሃን የክራንኩን ፑሌጃ ይመልከቱ። በዓይን በግልጽ ወደ ውጭ ሄዶ ሲመለስ ካዩ ጨረቃው አልቋል። ሞተሩ እየሠራ ይህን እንዳይሞክሩ፤ ሽቦ፣ ቀበቶና እጅጌ አብረው አይሄዱም። በዓይን ምንም ካልታየ ዳያል ጌጅ ያለው ጋራዥ ይለካልዎት። ልኩ ውስጥ ከሆነ ችግሩ ከሞተሩ ውጪ ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚመጣ ድምፅ ብዙ ጊዜ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ደግሞ የካምቢዮ ኩሽኔታ ነው። ሁለቱም ሞተር አያስወርዱም። ኩሽኔታ ለመቀየር ሞተር ያስወረደ ሰው አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ ከፈለ።

ጨረቃው አልቆ ከተገኘ ቶሎ ከደረሱበት ጥሩ ነው። የዘይት ገንዳውና የሦስተኛው መቀመጫ ክዳን ወርደው ጨረቃው ብቻ ሊቀየር ይችላል። 0.125 ሚሊ ሜትር የወፈረም ይሸጣል። ይህ የሚሆነው ግን የክራንኩ ጎን ካልተቧጨረ ብቻ ነው። ከተቧጨረ አዲሱን ጨረቃ ይልጠዋል፣ በጥቂት ወራት ተመልሰው ይመጣሉ። ያኔ መካኒክዎ ልክ ነው፣ ሞተሩ ይውረድ። በዚያ ሁኔታ «ትንሽ ልንዳበት» አይበሉ። ክራንኩ ብዙ ከተንሸራተተ ብሎኩን መፋቅ ይጀምራል፣ ከቮላኖ በኩል ባለው የዘይት ማገጃ ጎማ (ኦይል ሲል) ዘይት ያፈሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚታደስ ነገር ላይተርፍ ይችላል። ያገለገለ የጃፓን ሞተር መግዛትም አንድ አማራጭ ነው። ግን የሰውን ሞተር ውስጡን ሳያዩ ነው የሚገዙት፣ የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ስላለ የማስቀየር ጣጣ አለው። ክራንክዎ የሚድን ከሆነ እኔ የራስዎን አሳድሳለሁ።

ሞተሩ ሲፈታ እዚያው ይገኙ። የወጣውን አሮጌ ብሮንዚን አንዱንም እንዳይጥሉት፣ እንዳይደባለቅም ይንገሩ። ከየት እንደወጣ ተጽፎበት በጨርቅ ይጠቅለልልዎት። ብሮንዚኑ ራሱ ይናገራል። በቮላኖ በኩል ያለው ጨረቃ ብቻ ተልጦ ከሆነ ፍሪሲዮን ነው። በፑሌጃ በኩል ያለው ከሆነ ግን የእርስዎ እግር ንጹሕ ነው፤ አገጣጠሙ ይጠየቅ። በዙሪያው የተጫረ መስመር ካለ ቆሻሻ ገብቷል፤ ሞርደው ሲጨርሱ የክራንኩን የዘይት ቀዳዳ በደንብ አላጠቡትም፣ ወይም ፊልትሮው የማይረባ ነው። የቢየላዎቹ የላይኛው ግማሽ ብቻ የመዳብ ቀለም አውጥቶ የታችኛው ደህና ከሆነ ደግሞ ወደ ማርሽ አጠቃቀምዎ እንመጣለን።

ይህ በአዲስ አበባ የማየው ትልቁ ገዳይ ነው። «ማርሽ ቶሎ ከፍ አድርግ፣ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚል ምክር ሁሉም ሰምቷል። ሜዳ ላይ እውነት ነው። ከ6 ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጡ በሦስተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ነዳጅ ፔዳሉን ወለል ድረስ ረግጦ ሞተሩን ማስቃተት ግን ሌላ ነገር ነው። ክራንኩ በዝግታ ስለሚዞር ዘይቱን በቂ አድርጎ ከሥሩ አያስገባም። የቃጠሎው ምት ግን ሙሉ ኃይሉን ይዞ በቢየላው በኩል ይወርዳል። ከተማችን 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበት ያጣል። እውነቱን ለመናገር በዚህ ምክንያት የእያንዳንዱ ምት ኃይልም ትንሽ ይቀንሳል። ነጂው ግን ያንን ለማካካስ ፔዳሉን ወለል ላይ ተጭኖ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ፔዳሉን ጨምረው ሲረግጡት መኪናዋ ካልፈጠነች ማርሽ ይቀንሱ። ዳገት ላይ ሞተሩ ከ2,000 ዙር በታች እንዳይወርድ። የዙር መለኪያ ከሌለዎት ጆሮዎን ይመኑ፤ ሲንቀጠቀጥና «ድም ድም» ሲል እየለመነዎት ነው። ሞተር በ3,000 ዙር መጮኹ አይጎዳውም። ብዙ ሰው ይህን ማመን ያቅተዋል።

የጎረቤትዎ ምክር ይቀራል። 20-50 ለዚህ ሞተር የተከለከለ አይደለም፤ የአየር ሙቀት ሲበዛ የሚፈቀድ ነው። አፋር ወይም ድሬዳዋ የሚኖር ሰው፣ ያረጀ ሞተር ይዞ፣ ቢጠቀመው አልከራከርም። የታደሰ ጠባብ ሞተር ላይ፣ ሽሮ ሜዳ በኅዳር ብርድ ማለዳ ግን ወፍራም ዘይት ወደ ብሮንዚኑ ለመድረስ ይዘገያል። እኔ 10-30 ነው የማደርገው። ወፍራም ዘይት የተበላን ብሮንዚን ድምፅ ይሸፍናል። ያ መዳን አይደለም፤ መኪና ሻጮች የሚወዱት ዘዴ ነው። ብሮንዚን ያድናል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውም ነገር የተፋቀ ብረት አይመልስም።

ከውፍረቱ ይልቅ መጠኑን ይከታተሉ። ይህ ሞተር የሚይዘው ወደ 3 ሊትር ብቻ ነው። አንድ ሊትር ከጎደለ ሲሶው ሄዷል፤ ዳገትና ኩርባ ላይ ፓምፑ አየር ይስባል። በየሳምንቱ ጠዋት ሜዳ ላይ አቁመው ዘንጉን ይምዘዙ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ቀይ የዘይት መብራት «ዘይት ሲጎድል ትነግረኛለች» ብለው አይጠብቁ። እሷ የምትበራው ግፊቱ ሊጠፋ ሲል ነው። እየነዱ ከበራች ጥግ ይዘው ወዲያው ሞተሩን ያጥፉ፤ «ጋራዡ ቅርብ ነው» ብለው የነዱ ሰዎች ሞተራቸው እየነከሰ ነው የደረሱት። ትራፊክ ውስጥ ለሚውል መኪና ዘይቱን በ5,000 ኪሎ ሜትር ከፊልትሮው ጋር ይቀይሩ። የቆመበት ሰዓት በኪሎ ሜትር አይቆጠርም። የታወቀ ቆርቆሮ ውስጥ የተጣራ አሮጌ ዘይት የሚሸጡ አሉ፤ ዋጋው ከሌላው ሁሉ በጣም ከወረደ አይግዙት። ጠዋት ካስነሱ በኋላ ሃያ ሰላሳ ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ ሳያስጮኹ በቀስታ ይንዱ። አሥር ደቂቃ ቆሞ ማሞቅ ቤንዚን ወደ ዘይቱ እንዲወርድ ያደርጋል እንጂ አይጠቅምም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በዚህ ቅዳሜ ፑሌጃውን ይዩ። ከዚያ በዳያል ጌጅ ያስለኩና ቁጥሩን በወረቀት ይያዙ። ቁጥሩ 0.30 ካላለፈ ሞተሩ እንዳይወርድ፤ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ በኩል ያስፈትሹ። ካለፈ እርስዎ ባሉበት ይፈታ። ሲገጠም የመቀመጫ ክዳኖቹ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) በ60 ኒውተን ሜትር እንዲጠብቁ ይጠይቁ። «እጄ ያውቀዋል» የሚል ካጋጠመዎት ሌላ ጋራዥ ይፈልጉ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ከጥቂት ሰከንድ በላይ ሲቆሙ ዜሮ ያድርጉና እግርዎን ያንሱ። ዳገት ላይ በፍሪሲዮን አይያዙ፣ የእጅ ፍሬን ለዚህ ነው የተሠራው።

አውቶማቲክ ስለመግዛት፦ ለግራ ጉልበትዎ ብለው ከሆነ ይግዙ። ለብሮንዚን ብለው ከሆነ ግን አውቶማቲክም ውስጥ ያው ጨረቃ አለ፤ እዚያም ከካምቢዮው በኩል ክራንኩን የሚገፋ ነገር አለ፣ ዘይት ሲጎድልም ያው ይበላል። ኮሮላዋን ለመሸጥ ከወሰኑ ደግሞ ጨረቃውን አስቀይረው ይሽጡ። ገዢው ይዞት የሚመጣው መካኒክም ፑሌጃ ማየት ያውቃል።